የጡት እናት፣ የጉዲፈቻ እናት፣ የክርስትና እናት አንድ ናቸው እንዴ?

እዚህ ጅማ አንዱ «እናቴ ናት» ብሎ ያስተዋውቅህና ቆይቶ «የጡት እናቴ» ይላል፣ ብዙ ሰው ከጉዲፈቻ ጋር ይቀላቅለዋል ግን በጣም ይለያያሉ።

በእስልምና የጡት እናት ልጁ 2 አመት ሳይሞላው ያጠባችው ሴት ናት፣ ረዳዓ ይባላል። ልጆቿ ወንድምና እህቶቹ ስለሚሆኑ መጋባት አይቻልም፣ ውርስ ግን የለም። ስንት ጊዜ ከጠባ ነው ካላችሁ መዝሀቦቹ (የእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች) ይለያያሉ፣ ሻፊዒ ጋ 5 ጊዜ ነው ሀነፊ ጋ አንዴም ይበቃል። ስለዚህ እናቶቼ፣ ጎረቤት ታማ ልጇን ካጠባችሁላት እባካችሁ ለሁለቱም ቤት ልጆች ንገሩ፣ ለኒካህ ቀን ተቆርጦ ድንኳን ሊተከል ሲል ከሚሰማ አሁን ቢታወቅ ስንት እንባ ይቀራል።

የድሮ ሰዎች «የጡት ልጅ» ሲሉ ደግሞ ሌላ ነው፣ አውራ ጣት ማር ተቀብቶ ይጠባና ዝምድና ይመሰረታል፣ አዋቂም ቢሆን። ወተት የለበትም፣ ቃል ኪዳን ነው።

ጉዲፈቻ ቃሉ የመጣው ከኦሮምኛ ነው፣ «ጉዲሱ» ማሳደግ ማለት ነው። ፍርድ ቤት ካጸደቀው ልጁ እንደ ተወለደ ልጅ ይወርሳል፣ የወለዱት ቤተሰቦች ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። ቤት ውስጥ በፍቅር አሳድጎ ወረቀቱን መተው ግን ልጁን ነው የሚጎዳው፣ አሳዳጊዋ ስትሞት ዘመድ ተነስቶ «አንተ ማነህ» ይለዋል።

የክርስትና እናት በኦርቶዶክስ ሴት ልጅ ስትጠመቅ የምታነሳት ናት፣ እዚህም ከልጆቿ ጋር ጋብቻ ይከለከላል፣ ውርስ የለም።