የብሪታንያ ከተሞችና መንደሮች የልጅነት ትዝታ

የብሪታንያ ከተሞችና መንደሮች የልጅነት ትዝታ የሚባለው በተለይ ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ያደጉ ሰዎች በድምፅ ቅጂ፣ በግል ማስታወሻና በአካባቢ ታሪክ ማኅበራት መዛግብት የተዉት ሰፊ የምስክርነት ክምችት ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክምችቱ ስለ ብዙ ነገር ቢናገርም ደጋግሞ የሚመለስበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ልጆች ከትልልቆች ዐይን ርቀው በራሳቸው ሕግ የሚያስተዳድሩት ጎዳና፣ ሜዳና የወንዝ ዳር እንደ ነበራቸው፣ ያም ስፍራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከእጃቸው እንደ ወጣ ነው።

ተራ ሰው ስለ ልጅነቱ የሚያወራው ወግ ለታሪክ ምንጭነት የበቃው ዘግይቶ ነው። ዌልሳዊው ጆርጅ ኤዋርት ኢቫንስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰፎክ ግዛት ብላክስሆል በምትባል መንደር ሲኖር የሽማግሌ ጎረቤቶቹን ጨዋታ መመዝገብ ጀመረ። ፖል ቶምሰንም በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተወለዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስለ ቤተሰባቸውና ስለ ሥራቸው የሰጡትን ቃል በቴፕ አስቀረጸ። ቢቢሲ ከ2003 እስከ 2006 ባካሄደው የጦርነት ትዝታ ስብስብ 47,000 ያህል ታሪኮች የቀረቡ ሲሆን፣ ከባለ ታሪኮቹ ብዙዎቹ በጦርነቱ ዘመን ልጆች የነበሩ ናቸው። ከሁሉም ለየት የሚለው የባልና ሚስቱ የፒተርና የአዮና ኦፒ ሥራ ነው። እነርሱ ትልልቆችን ስለ ድሮ ከመጠየቅ ይልቅ ልጆቹን ራሳቸውን ጠየቁ፤ በ1959 ያሳተሙት ጥናት በ70 ትምህርት ቤቶች ይማሩ የነበሩ 5,000 ያህል ልጆች በሰጡት ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። ኋላ በሽምግልና የተነገረው ትዝታ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም።

በላንካሻየር፣ በዮርክሻየርና በደቡብ ዌልስ የሠራተኛ ሰፈሮች ቤቶቹ ግድግዳ እየተጋሩ በረጅም ረድፍ የተሠሩ ነበሩ። ቤቱን የሚያሞቀው የድንጋይ ከሰል ምድጃ ሲሆን እሳቱ ያለበት ክፍል ብቻ ይሞቃል፤ በክረምት ጠዋት የመኝታ ክፍሉ መስኮት ከውስጥ በኩል በበረዶ አበባ ተሸፍኖ ይገኝ እንደ ነበር የማያነሣ ተራኪ የለም ማለት ይቻላል። መጸዳጃው በጓሮ ነው፤ ወረቀቱም ተቀድዶ በሚስማር ላይ የተሰካ ጋዜጣ ነው። በ1951 የሕዝብ ቆጠራ በብሪታንያ ከነበሩት ቤተሰቦች ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ቋሚ የመታጠቢያ ገንዳ አልነበራቸውም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚውለው የቆርቆሮ ገንዳ በሳምንት አንድ ማታ ወርዶ በምድጃው ፊት ይቀመጥና ቤተሰቡ በአንድ ውኃ በተራ ይታጠባል፤ ተራው የመጨረሻ የነበረ ልጅ ውኃው ምን ዓይነት ቀለም እንደ ነበረው ከሰባ ዓመት በኋላም አይረሳም። ሰኞ የልብስ አጠባ ቀን ነው። የፊተኛው ክፍል ግን፣ ቤቱ የቱንም ያህል ቢጠብ፣ ለእሑድ እንግዳና ለሬሳ ማሳረፊያ ተብሎ ተዘግቶ ይውላል፤ ልጆችም አይገቡበትም።

ልጁ ወደ ውጭ የወጣበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ ቤቱ ጠባብ፣ እናቱም ሥራ የበዛባት ናት። ጎዳናው ላይ ወንዶቹ ብይ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ በገመድ እየዘለሉ ግጥም ያወርዳሉ፤ ሰኞ ማክሰኞ በኖራ ይሠመራል፣ ቅልብልቦሽና ድብብቆሽም አልቀሩም። በመከር ወራት «ሆርስ ቼስትነት» የሚባለው ዛፍ ፍሬ ይበሳና በክር ይንጠለጠላል፤ ሁለት ልጆች ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ፍሬ እየመቱ ያልተሰበረለት ያሸንፋል። ፍሬውን በኮምጣጤ ማራስ ወይም በምድጃ ማጠንከር እንደ ማጭበርበር ይቆጠር ነበር፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ያደርገው እንደ ነበር የማይናዘዝ የለም።

ኦፒዎች ካገኟቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስደንቀው ለጨዋታ ዕረፍት የሚጠራው ቃል ነው። የተሯሯጠና የደከመ ልጅ ጣቱን አጠላልፎ አንድ ቃል ከጠራ ማንም ሊይዘው አይችልም። ቃሉ ግን እንደ አገሩ ይለያያል፤ በለንደንና በዙሪያዋ «ፌናይትስ»፣ በስኮትላንድና በምዕራቡ ክፍል «ባርሊ»፣ በሰሜን ምሥራቅ በደርሃም አካባቢ «ስኪንች»፣ በምሥራቅ እንግሊዝ ደግሞ «ኪንግስ» ይባላል። እነዚህን ቃላት ያስተማረ መምህር፣ ያተመ መጽሐፍም አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደ ሰባት ዓመት ልጅ እየተላለፉ፣ አንዳንዶቹ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። የጎዳናው ሕግ የልጆቹ የራሳቸው ሕግ ነበር ሲባል ማስረጃው ይህ ነው።

በየዓመቱ በኖቬምበር ወር መጀመሪያ ላይ ልጆች ከአሮጌ ልብስና ከገለባ አሻንጉሊት ሰው ሠርተው በጋሪ እየገፉ ከመንገደኛ ሳንቲም ይለምኑ ነበር። ኖቬምበር 5 ማታ አሻንጉሊቱ በደመራ ይቃጠላል፤ መነሻውም በ1605 የእንግሊዝን ፓርላማ በባሩድ ለማፈንዳት የተዶለተው ሴራና በዚያ የተያዘው ጋይ ፎክስ ነው። ለሳምንታት እንጨት መሰብሰብ፣ የተሰበሰበውንም ከሌላ ጎዳና ልጆች ሌሊት መጠበቅ፣ በትዝታ ውስጥ ከእሳቱ ከራሱ ይልቅ ጎልቶ ይነገራል።

የዚያ ዘመን ልጅ ከረሜላን የሚያስበው በራሽን ነው። ከረሜላና ቸኮላት በሐምሌ 1942 በራሽን ሥር ገቡ፤ በ1949 ለጥቂት ወራት ቢለቀቁ ሱቆቹ ባዶ በመሆናቸው ራሽኑ ተመለሰ፤ የመጨረሻው ነጻነት የተገኘው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1953 ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የተወለደ ሰው አሥራ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዳሻው ከረሜላ ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። በሌላ በኩል መንግሥት ለሕፃናት የብርቱካን ጭማቂና የዓሣ ጉበት ዘይት ያድል ነበር፤ ጭማቂው በፍቅር፣ ዘይቱ በምሬት ይታወሳል። ከ1946 ጀምሮም እያንዳንዱ ተማሪ በትምህርት ቤት የፓይንት ሲሶ፣ ማለትም 190 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት በነጻ አገኘ። በብርድ ጊዜ ወተቱ በረዶ ሆኖ የጠርሙሱን ክዳን ወደ ላይ ይገፋል፤ መምህራኑ እንዲሟሟ ብለው ማሞቂያ አጠገብ ሲያኖሩት ደግሞ ለብ ያለ ይሆናል፤ ብዙዎች ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ወተት አልወደዱም። ይህ ዕደላ በ1968 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በ1971 ደግሞ ማርጋሬት ታቸር የትምህርት ሚኒስትር ሳሉ ከሰባት ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ቀረ።

ከተማውና መንደሩ ፊት ለፊት የተያዩት በጦርነቱ ነው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀምሮ በሦስት ቀናት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ከእነርሱም ከ800,000 የማያንሱ ያለ ወላጅ የተጓዙ ተማሪዎች፣ ከቦምብ ለመሸሽ ከትልልቅ ከተሞች ወደ ገጠር ተላኩ። ልጁ ኮቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ታስሮለት፣ የጋዝ ጭምብሉን በካርቶን ሣጥን አንጠልጥሎ ባቡር ይሳፈራል፤ ወዴት እንደሚሄድ እናቱም አታውቅም። ሲደርስ በመንደሩ አዳራሽ ከሌሎች ጋር ይሰለፍና የአገሩ ሰዎች እየመጡ ይመርጣሉ። ጉልበት ያለው ወንድ ልጅ ለእርሻ፣ ንጹሕ የለበሰች ልጅ ለቤት ቶሎ ትመረጣለች፤ እህትና ወንድም አንለያይም ያሉ፣ የቀጠኑና የቆሸሹ ግን እስከ ማታ ይቆማሉ። በዚያ አዳራሽ መጨረሻ የቀሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ቦምቡን ሳይሆን ያችን ሰዓት መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። አስተናጋጁ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ በሳምንት 10 ሽልንግ ከ6 ፔንስ፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዱ 8 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይከፈለው ነበር። የፈሩት ቦምብ ወዲያው ስላልመጣ ግማሽ ያህሉ እስከ ጃንዋሪ 1940 ድረስ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የቀሩት ግን ላም ማለብና ጥንቸል ማጥመድ ተምረው፣ አንዳንዶቹም አነጋገራቸው ተለውጦ፣ ሲመለሱ የገዛ እናታቸው እንግዳ ሆነችባቸው።

በዚያው ዘመን በመንደር ትምህርት ቤት አንድ ወይም ሁለት ክፍል ብቻ ይኖራል፤ ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው ልጆች በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይማራሉ። ቅጣቱ በእንግሊዝ በአርጩሜ፣ በስኮትላንድ ደግሞ ጫፉ በተሰነጠቀ የቆዳ ጠፍር መዳፍ ላይ ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ድብደባ በሕግ የተከለከለው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የ1944ቱ የትምህርት ሕግ ለሁሉም ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ከፈተ፤ ከሕጉ ጋር የተስፋፋው የአሥራ አንድ ዓመት ፈተና ግን ጎረቤታሞችን ለያየ። ያለፈው ግራመር ወደሚባለው፣ በፈተና ተመርጠው ወደሚገቡበት ትምህርት ቤት አዲስ ዩኒፎርም ለብሶ ይሄዳል፤ የወደቀው ሌላ ቦታ ገብቶ በአሥራ አምስት ዓመቱ ለሥራ ይወጣል። ጎዳናው ላይ እኩል የነበሩ ሁለት ልጆች ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ እንደ ተቆራረጡ የሚናገሩ ብዙ ናቸው።

ዕረፍትም ከሥራ የተለየ አልነበረም። በላንካሻየር የጥጥ ከተሞች ፋብሪካዎቹ በበጋ በአንድነት ይዘጉና ከተማው በሙሉ ማለት ይቻላል በባቡር ወደ ብላክፑል ባሕር ዳርቻ ይወርዳል፤ ለቀረው ልጅ ድንቁ ነገር ጭስ ማውጫዎቹ መጨሳቸውን ስላቆሙ በሌላ ጊዜ የማይታዩት ኮረብቶች መታየታቸው ነበር። የምሥራቅ ለንደን ድሃ ቤተሰቦች ደግሞ በየሴፕቴምበሩ ወደ ኬንት ግዛት ለቢራ እንደ ጌሾ የሚያገለግለውን ሆፕ ለመልቀም ይሄዳሉ፤ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር በቆርቆሮ ጎጆ እያደሩ በለቀሙት ልክ ይከፈላቸዋል፣ አባቶች በእሑድ ይጠይቋቸዋል። ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ፤ ማሽን መልቀሙን እስኪተካ ድረስ ይህ ዕረፍታቸውም ደመወዛቸውም ነበር። በስኮትላንድ የኦክቶበር የትምህርት ዕረፍት እስከ ዛሬ በድንች ለቀማ ስም ይጠራል።

ትዝታው የሁሉም አይደለም። ከካሪቢያን፣ ከሕንድና ከፓኪስታን የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ያንኑ ጎዳና በሌላ መልክ ያስታውሱታል። በ1965 የትምህርት ሚኒስቴር በአንድ ትምህርት ቤት የስደተኞች ልጆች ከሲሶ እንዳይበልጡ የሚመክር መመሪያ አወጣ፤ በምዕራብ ለንደን በሳውዝሆል የሚኖሩ የእስያ ተወላጆች ልጆች በዚህ ምክንያት ለዓመታት በአውቶቡስ ራቅ ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ተጓጓዙ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ በሆነ ቁጥር ከትምህርት በኋላ የሚጫወቱት ጓደኛ አልነበራቸውም።

ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበው ትዝታ በባዝ ከተማ ይገኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት በዚህች ከተማ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ነው፤ በከተማዋ ያደጉ ሰዎችም በልጅነታቸው ካባ የደረቡትን ንጉሠ ነገሥት በመንገድ ላይ ማየታቸውን ያወሳሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጥተዋል።

እነዚህ ምስክርነቶች ምን ያህል ይታመናሉ? ስለ ዕቃ፣ ስለ ምግብና ስለ ጨዋታ ሕግ የሚናገሩት ከልዩ ልዩ አገር መጥቶ ስለሚገጥም ጥርጣሬ የሚያስነሣ አይደለም። ስለ አየሩ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ በጋው ሁሉ ብራ ነበር የሚሉት የ1954ን ቀዝቃዛና ዝናባማ በጋ ዘንግተው የ1959ን ፀሐይ ብቻ ይዘው ነው። በራችን አይቆለፍም ነበር የሚለውም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን ከቤቱ የሚሰረቅ ነገር ብዙም አልነበረም።

ጎዳናው የተወሰደው በአንድ ቀን አይደለም። የ1938ቱ ሕግ የአካባቢ ባለ ሥልጣናት አንዳንድ መንገዶችን ለተሽከርካሪ ዘግተው ለልጆች መጫወቻ እንዲያደርጉ ፈቅዶ ነበር። በ1950 ብሪታንያ ውስጥ 2 ሚሊዮን ያህል የቤት መኪኖች ነበሩ፤ በ1970 ከ10 ሚሊዮን በለጡ፤ የቆመ መኪና ባለበት ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ አይሠመርም። በዚያው ጊዜ አሮጌዎቹ የሠራተኛ ሰፈሮች እየፈረሱ ነዋሪዎቻቸው ወደ ፎቅና ወደ አዳዲስ ከተሞች ተዛወሩ፤ ቴሌቪዥኑም ልጁን ወደ ቤት ጠራው። ማየር ሂልማንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት መሠረት በእንግሊዝ ከሰባትና ከስምንት ዓመት ልጆች መካከል ያለ ትልቅ ሰው ብቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በ1971 ከመቶ 80 ነበሩ፤ በ1990 ከመቶ 9 ብቻ ሆኑ። በ2009 በብሪስቶል ሁለት እናቶች ሰፈራቸውን ለጥቂት ሰዓት ለመኪና አስዘግተው ልጆቻቸውን አስጫወቱ፤ ልማዱ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቷል፣ ነገር ግን መንገዱ ጫፍና ጫፍ ላይ የሚቆሙት ጠባቂዎች ትልልቅ ሰዎች ናቸው።