መስታወት ውስጥ ያለው ምግብ የትናንት አይደለም

ዱባይ፣ ሳትዋ ሰፈር፣ አንድ ፊሊፒናዊ ቤተሰብ በከፈተው ምግብ ቤት እሠራለሁ። እናት ታበስላለች፣ አባት ገበያ ይወጣል፣ ልጅ ሒሳብ ትቀበላለች፤ እኔ ከመስታወቱ ኋላ ቆሜ ምግብ አወጣለሁ። የሀገሬ ልጆች ገብተው የተደረደሩትን ትሪዎች ያዩና በአማርኛ «ተዉት፣ የትናንት ነው» ይባባላሉ። ይህን መስማት ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ ልመልስ።

«የተደረደረ ምግብ የቆየ ምግብ ነው።» አይደለም። አብዛኛው ደንበኛችን የምሳ ሰዓቱ አጭር የሆነ ሠራተኛ ነው፤ አይቶ፣ በጣቱ ጠቁሞ፣ በልቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ቀድሞ የሚበስለው ለእሱ ነው። ትሪዎቹ ከሥራቸው በፈላ ውኃ ይሞቃሉ፤ የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እስከተቀመጠ ድረስ ተህዋስያን አይራቡበትም። የተጠራጠረ ሰው ሲኒጋንጉን ይመልከት። በሁመር የሚኮመጥጥ ሾርባ ነው፤ ካንኮንግ የሚባለው ቅጠል የሚጨመርበት ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ ከሆነ አሁን የወጣ ነው፤ ከጠወለገና ወደ ቡናማ ካደላ ቆይቷል፤ ያን ጊዜ ሌላ ይዘዝ።

አዶቦ ግን ቢያድርም ነውር የለበትም። ዶሮው ወይም ሥጋው የሚበስለው በአቼቶ፣ በሶያ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ነው። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን በዚያ ሞቃት ሀገር ሥጋን ያቆዩት በአቼቶና በጨው ነበር። እንደ ዶሮ ወጣችን ሲያድር ቅመሙ ይበልጥ ይዋሃዳል። የቤቱ እመቤት አቼቶው ፈልቶ ጥሬ ሽታው እስኪወጣ ድረስ ማንም ማማሰያ እንዲያስገባ አትፈቅድም። እንዲህ የሚጠበቅን ድስት በሩቁ አይቶ «የትናንት» ማለት ግፍ ነው።

«ሁሉም ነገር አሳማ አለበት።» ዱባይ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ለመሸጥ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኛ የለንም፤ የምንሠራው በዶሮ፣ በበሬና በዓሣ ነው። ደግሞም በደቡብ ፊሊፒንስ የሚኖሩት ማራናዎና ታውሱግ የተባሉት ሕዝቦች በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ አሳማ ከማዕዳቸው አይቀርብም።

«ጫጩት የጀመረውን የዳክዬ እንቁላል ያቀርባሉ።» እኛ ዘንድ አይሸጥም።

«አያቃጥልም፣ ጣዕም የለውም።» ቢኮል የተባለው የፊሊፒንስ አካባቢ ሰዎች በኮኮናት ወተትና በቃሪያ የሚሠሩትን የቀመሰ እንዲህ አይልም። ሌላውን ምግብ የሚያጣፍጠው በላተኛው ራሱ ነው፤ አቼቶው፣ የዓሣ ሶሱ፣ ካላማንሲ የምትባለው ትንሽ ሎሚና ደቃቁ ቃሪያ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት ለዚሁ ነው። ሳይነካቸው የሚሄድ ሰው ምግቡን በግማሹ ትቶ ሄደ ማለት ነው።

«አትክልት ከሆነ የጾም ነው።» በጣም የምፈራው ይህን ነው። ፒናክቤት በሚባለው የአትክልት ወጥ ውስጥ ዱባ፣ ባሚያና ደበርጃን ይታያል፤ ባጎኦንግ የተባለው በጨው ተብላልቶ የቆየ ሽሪምፕ ግን ቀልጦ ስለሚገባ አይታይም። ባለፈው ሁዳዴ አንዲት እህት ሳህኑን ይዛ ልትቀመጥ ስትል ነገርኳት፤ መለሰችው፣ ገንዘቧም ተመለሰላት። በኮኮናት ወተት የተሠራ ዱባ ውስጥም ብዙ ጊዜ ሽሪምፕ ይገባል። ስለዚህ የሚጾም ሰው ከትሪው አይዘዝ። ካንኮንግ በአዶቦ አሠራር ይሠራልኝ ይበል፤ ቅጠሉ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሶያ ሶስና አቼቶ ብቻ ነው። የዓሣ ሶስና ኦይስተር ከተባለው የባሕር እንስሳ የሚሠራው ሶስ እንዳይገባበት መጥበሻው ሳይጣድ ይናገር፤ ለብቻው ይሠራለታል።