የኢንዶኔዥያው አውሮፕላን ፋብሪካ፦ ኑርታኒዮ ተነስቶ ኑርታኒዮ የገባው

ባንዱንግ ከተማ ያለው የኢንዶኔዥያ መንግስት አውሮፕላን ፋብሪካ ዛሬ ፒቲ ዲርጋንታራ ኢንዶኔዥያ ይባላል። በ1976 ሲመሰረት ግን ስሙ ኑርታኒዮ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ኑርታኒዮ ማለት በ50ዎቹ ትንንሽ አውሮፕላን ይሰራ የነበረ የአየር ኃይል መኮንን ነው፣ በ1966 የሚያበረው አውሮፕላን እዛው ባንዱንግ ወድቆ ነው የሞተው። በ1985 የሱን ስም ከፋብሪካው ላይ አንስተው ኑሳንታራ አሉት።

ፋብሪካውን ፋብሪካ ያደረገው ሀቢቢ ነው። ጀርመን ተምሮ እዛው በአውሮፕላን ኢንጂነርነት ሲሰራ በ1974 የያኔው ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ና ብሎ ጠራው። የሀቢቢ ሀሳቡ ከመጨረሻው ጀምረን ወደ መጀመሪያው እንሂድ የሚል ነው፣ ማለትም መጀመሪያ ሌላ ሰው ዲዛይን አድርጎ የጨረሰውን በላይሰንስ መገጣጠም፣ ቀጥሎ ከሌላ ጋር አብሮ መንደፍ፣ ከዛ የራስን መስራት፣ ጥናትና ምርምሩ መጨረሻ ላይ። እኔ ብልህ መንገድ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ሰራተኛው እጁን የሚያፍታታው በስራ ላይ ነው።

እንደተባለውም ካሳ የሚባለውን የስፔን ኩባንያ 212 አውሮፕላን እና የጀርመኑን ቦ 105 ሄሊኮፕተር እየገጣጠሙ ለመዱ፣ ከዛ ከካሳ ጋር እኩል ሆነው ሲኤን 235 የሚባለውን አውሮፕላን ሰሩ። 2ቱ ሁለት ሞተር፣ 35ቱ ሰላሳ አምስት ሰው ማለት ነው። በ1983 መጨረሻ በረረ። ለኤርላይን ታስቦ የነበረ ቢሆንም ከኋላ የሚከፈት በር ስላለው ወታደርና ጭነት ለመጫን፣ ፓራሹት ለማዝለል፣ ባህር ለመቃኘት ተመራጭ ሆነ፣ ደቡብ ኮሪያም ማሌዥያም ሴኔጋልም ገዝተውታል።

የባንዱንጉ የመጀመሪያ ሲኤን 235 ስሙ ቴቱኮ ነው፣ ይሄ በጃቫ የአሻንጉሊት ቲያትር የሚበረው ጀግና ጋቶትካቻ የልጅነት ስሙ ነው። በኦገስት 10 ቀን 1995 የበረረውን፣ ሙሉ በሙሉ የራሳቸው የሆነውን ባለ 50 መቀመጫ ኤን 250 ደግሞ ጋቶትካቻ አሉት። ልጁ አደገ ማለት አይደል! ፍላይ ባይ ዋየር (የአብራሪውን ትዕዛዝ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያስተላልፍ መሪ) ያለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ያኔ ብርቅ ነበር፣ ቀኑም የቴክኖሎጂ ቀን ተብሎ እስካሁን ይከበራል።

ገንዘቡ ግን ከመንግስት ካዝና ነበር የሚወጣው፣ በ1994 ለደን ልማት ከተሰበሰበው ላይ እንኳ 400 ቢሊዮን ሩፒያ ተወስዷል፣ ይሄ ትክክል አልነበረም። የእስያ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ጃንዋሪ 1998 ሱሃርቶ ጎንበስ ብሎ የብድር ስምምነት ሲፈርም የአይኤምኤፉ (የዓለም የገንዘብ ድርጅቱ) ኃላፊ እጁን አጣምሮ ከጎኑ ቆሞ የተነሳው ፎቶ አለ፣ ለአውሮፕላን የሚሰጠው የመንግስት ድጎማ የቆመው በዛ ስምምነት ነው። ሀቢቢ ራሱ በዛው ዓመት ፕሬዚዳንት ሆኖም ኤን 250ን አላዳነውም። 16 ሺህ ገደማ የነበረው ሰራተኛ ወደ 4 ሺህ ወረደ፣ የተባረሩት በጡረታ ክፍያ ክስ መስርተው በ2007 ፍርድ ቤት ድርጅቱን ከስሯል ብሎ ወሰነ፣ ውሳኔውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው የሻረው።

ጋቶትካቻ ከ2020 ጀምሮ ዮግያካርታ የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ፋብሪካው ግን አለ፣ እንደ ፓፑዋ ተራሮች ላለ አጭር የማረፊያ ሜዳ የሚሆን 19 ሰው የሚጭን ኤን 219 ሰርቶ በ2017 አበረረ፣ በዛው ዓመት ፕሬዚዳንቱ ስም ሲያወጡለት ኑርታኒዮ አሉት።