የሀብት ልዩነት በጅማ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ቡና ያቆማት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉት በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳና በጌራ ወረዳዎች ባለጸጋውን ከድሃው የሚለየው በአብዛኛው ቡናን ዋጋ እስኪያወጣ ድረስ ማቆየት መቻል ነው። በዚህ ጽሑፍ ዘመኖቹ የተቆጠሩት እንደ አውሮፓውያን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከከተማዋ አጠገብ በጅሬን ኮረብታ ላይ ካለው ቤተ መንግሥት መጀመር ይበጃል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 ነግሠው ከ50 ዓመት በላይ ገዙ። ለምኒልክ ሳይዋጉ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አስከበሩ፤ ይህን ፍርሃት የሚሉት አሉ፣ ካፋ በ1897 በጦርነት የደረሰባትን ያስተዋለ ግን ብልህነት ከማለት ሌላ ቃል አያገኝም። ሰላሙ የዛሬዋ ጅማ ከተማ ባለችበት በሂርማታ ይቆም የነበረውን የሐሙስ ገበያ አደመቀው። ከጎጃምና ከሸዋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ አሞሌውን አራግፎ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይጭን ነበር። ባሪያም እዚያው ይሸጥ ነበር። ብዙዎች "የዘመኑ ልማድ ነው" ብለው ያልፉታል፤ ሆኖም የመጀመሪያው ትልቅ የሀብት ክፍተት የተከፈተው በሰው ጉልበት ላይ ነው።

በ1932 የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ። ጣሊያን አዲሱን ከተማ ዘረጋ፤ በ1975 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ።

በ1989 አገሮች ለዓለም ገበያ የሚያቀርቡትን ቡና በመገደብ ዋጋን ይደግፍ የነበረው የኮታ ስምምነት ፈረሰ። በ2001 አንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ቡና በኒው ዮርክ ገበያ ከግማሽ ዶላር በታች ወረደ። እንዲህ ያለው መውደቅ እኩል አይጎዳም። ሰኔና ሐምሌ ላይ ጎተራው የተራቆተበት ገበሬ ከቡና ሰብሳቢው ነጋዴ ገንዘብ ይበደራል፤ የሚከፍለውም ገና ዛፍ ላይ ባለ ቡና፣ አበዳሪው በቆረጠው ዋጋ ነው። ጥቅምት ላይ እሸቱ ቀልቶ ሲለቀም ከተሸጠ ወራት አልፎታል። ቡናውን ከነገለባው አድርቆ (ጀንፈል አድርጎ) ማቆየት የቻለ ጎረቤቱ ዋጋ ሲሻሻል ጠብቆ ይሸጣል። በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዋጋ ወሬን አዳረሰ፤ የክረምቱን ዕዳ ግን አልነካም።

የከተማዋ ተቋማት ውለታ ሊዘነጋ አይገባም። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ሲገባ የመልኮ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አወጣ። 74110 የተባለው ዝርያ በስሙ መጀመሪያ የተመረጠበትን ዓመት፣ 1974ን፣ ይዟል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ተቋሙ ውሕደት ተወልዶ፣ ተማሪዎቹን ኅብረተሰቡ መሐል አሰማርቶ በማስተማር ስም ያተረፈ አንጋፋ ነው።

በ2011 እና በ2016 መካከል የአገሪቱ ድህነት ከ29.6 ወደ 23.5 በመቶ ሲወርድ፣ የፍጆታ ልዩነትን የሚያሳየው የጂኒ መለኪያ ከ0.30 ወደ 0.33 ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ልዩነትን መቀነስን አሥረኛው የልማት ግብ ያደረጉት በ2015፣ በዚሁ መሐል ነው። በጅማ ዙሪያ የልማት ድጋፍ በብዛት የሚመጣው በቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው፤ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተሠርቶላቸው በጥራት የታወቁም አሉ። ግን የማኅበር አባል የሚሆነው የቡና ማሳ ያለው ነው። በኪሎ እየተከፈላት የምትለቅም ሴት ቅርጫቷን ሚዛን ላይ አውርዳ የዕለቱን ትቀበላለች፤ ማኅበሩ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ሲያከፋፍል ስሟ መዝገቡ ላይ የለም። በየካቲት 2025 አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ የለቀማው ወራት አልቆ እሷ ሌላ ሥራ ፍለጋ ወጥታ ነበር።