ስለ ሕፃናት አንጎልና ስሜት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አፉን ያልፈታ ልጅ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ የሚነሣ ተመራማሪ ገና ከጅምሩ አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል፤ የሚያጠናውን ሰው ጠይቆ መልስ ማግኘት አይችልም። ስለዚህ የልብ ምቱን ይቆጥራል፣ ዓይኑ የት ላይ እንደሚቆይ ይለካል፣ የአንጎሉን የኤሌክትሪክ ሞገድ ይመዘግባል፣ ወይም እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቆ ኤምአርአይ በተባለው የምስል ማንሻ መሣሪያ አንጎሉን ያነሣዋል። ከእነዚህ ምልክቶች ተነሥቶ ስለ ስሜት መናገር ብዙ ግምት ስለሚጠይቅ፣ ስሕተቱም ከሁለት ወገን ሲመጣ ኖሯል፤ አንዳንዱ ሕፃኑ ምንም አያውቅም ይላል፣ ሌላው ደግሞ ሕፃኑ ያላሳየውን ችሎታ ይሰጠዋል። ከዚህ በታች ከተነሡት አመለካከቶች አንዳንዶቹ የሐኪሞችና የተመራማሪዎች የራሳቸው እምነት የነበሩ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«አራስ ሕፃን ሕመም አይሰማውም»

ይህ አመለካከት እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በብዙ የምዕራባውያን ሆስፒታሎች በተግባር ይሠራበት ነበር። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ደረታቸው ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው እንዳይንቀሳቀሱ ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒትና ደካማ የማደንዘዣ ጋዝ ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ ይህን ያደርጉ የነበረው በጭካኔ አይደለም፤ የሚያቀርቡት ምክንያት ነበራቸው። አንደኛው፣ የአራሱ ነርቮች ማይሊን በተባለው ስብነት ያለው ሽፋን ገና ስላልተጠቀለሉ ሕመምን ወደ አንጎል አያደርሱም የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ጠንካራ ማደንዘዣ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል የሚል ስጋት ነበር። የመጀመሪያው ምክንያት በቀላሉ የሚወድቅ ነው፤ በአዋቂም ሰውነት ውስጥ ብዙውን የሕመም መልእክት የሚያደርሱት ማይሊን የሌላቸው ነርቮች ናቸውና። ሁለተኛው ግን በሙከራ መታየት ነበረበት።

በኦክስፎርድ ይሠራ የነበረው ሐኪም ካንዋልጂት አናንድ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1987 ያሳተመው ጥናት ይህን መለሰ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን በተለመደው ላይ ፌንታኒል የተባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ጨመሩለት። ማስታገሻው የተጨመረላቸው ሕፃናት በደማቸው ውስጥ የሚታየው የጭንቀት ሆርሞን በእጅጉ ያነሰ ሆነ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የደረሰባቸው ችግርም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ይገድላቸዋል ተብሎ የተፈራው መድኃኒት ጠቀማቸው ማለት ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አራሶችም ማደንዘዣ ሊሰጣቸው እንደሚገባ መግለጫ አወጣ።

በ2015 ደግሞ፣ በዚያው በኦክስፎርድ፣ ረቢካ ስሌተር የምትመራው ቡድን 10 አዋቂዎችንና ተኝተው የነበሩ 10 አራስ ሕፃናትን እግራቸውን በቀላሉ እየወጋ በኤምአርአይ አነጻጸራቸው። በአዋቂዎቹ ላይ ለሕመም ምላሽ ከሰጡት 20 የአንጎል ክፍሎች መካከል 18ቱ በሕፃናቱም ላይ ምላሽ ሰጡ፤ እንዲያውም የሕፃናቱ አንጎል ለደካማው ውጋት የሰጠው ምላሽ፣ የአዋቂዎቹ አንጎል አራት እጥፍ ለሚበረታው ከሰጠው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ምስሉ የሚያሳየው የአንጎልን እንቅስቃሴ እንጂ ስሜቱን ራሱን አለመሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

«ሲያለቅስ ከተነሣ እቅፍ ይለምድበታል»

በእኛ ቤት ይህ አባባል ከአያት የወረደ ምክር ይመስላል፤ በአሜሪካ ግን በሳይንስ ስም ታትሞ የተሰራጨበት ዘመን ነበር። ታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ዋትሰን በ1928 ለወላጆች በጻፈው መጽሐፍ፣ ልጆቻችሁን አትቀፉ፣ አትሳሙ፣ ግድ ከሆነባችሁ ማታ ሲሰናበቱ ግንባራቸውን አንድ ጊዜ ሳሙ፣ ጠዋት ግን እጃቸውን ጨብጡ ብሎ መክሯል። ምክሩ በሚገባ በተደረገ ጥናት ላይ የቆመ አልነበረም።

ጉዳዩን በትዕግሥት የተከታተሉት ሲልቪያ ቤልና ሜሪ ኤንስዎርዝ ነበሩ። በባልቲሞር 26 እናቶችን ከነሕፃናቶቻቸው በየቤታቸው እየሄዱ አንድ ዓመት ያህል ከተመለከቱ በኋላ በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለልቅሷቸው ቶሎ ምላሽ ያገኙ ሕፃናት ወደ ዓመቱ መጨረሻ ሲደርሱ ከሌሎቹ ያነሰ የሚያለቅሱ እንደነበሩ ገለጹ። በ1986 ደግሞ ኡርስ ሁንዚከርና ሮናልድ ባር በካናዳ ሞንትሪያል 99 እናቶችን ይዘው ባደረጉት ሙከራ፣ ባያለቅሱም ጭምር በየቀኑ ተጨማሪ ሰዓት የታቀፉ ወይም የታዘሉ ሕፃናት፣ በስድስተኛው ሳምንታቸው ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። ልጇን በአንቀልባ አዝላ የምትሠራ እናት ይህን ስትሰማ የምትደነቅ አይመስለኝም።

ነገር ግን ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ሌላ ስሕተት ይሆናል። በ1991 በኔዘርላንድ የወጣው የሁባርድና የቫን አይዘንዶርን ጥናት የቤልንና የኤንስዎርዝን ውጤት በዚያው መልክ አላገኘውም፤ ተጨማሪ መታቀፍም ያለማቋረጥ የሚያለቅሱትን፣ ሆድ ቁርጠት አለባቸው የሚባሉትን ሕፃናት እንደማያረጋጋ ባር ራሱ በኋላ አሳይቷል። የሕፃናት ልቅሶ ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ልጁ አልረጋጋ ያላት እናት ጥፋተኛ አይደለችም። ሕፃን «ሆን ብሎ ነው የሚያስቸግረው» የሚለው ክስም ቢሆን፣ ለማቀድና ራስን ለመግዛት የሚያገለግለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን ለመጨረስ እስከ ወጣትነት ዘመን የሚወስድ መሆኑን ይረሳል።

«ጥሩ እናት ከልጇ ጋር ሁልጊዜ ትግባባለች»

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ የጀመረው ሙከራ በቪዲዮ ተቀርጾ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። እናት ከሕፃኗ ጋር ትጫወታለች፣ ከዚያ ለሁለት ደቂቃ ያህል ፊቷን ያለ አንዳች ስሜት ታደርገዋለች፣ ከዚያም ተመልሳ ትጫወታለች። ሕፃኑ መጀመሪያ በፈገግታና በእጁ ሊመልሳት ይሞክራል፤ አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞራል፣ ይከፋዋል፣ ያለቅሳል። ብዙ ተመልካች ከዚህ የሚወስደው ትምህርት፣ አንድ ቅጽበት ፊት መንሣት ልጅን ይጎዳል የሚል ፍርሃት ነው። የትሮኒክ የራሱ መደምደሚያ ግን ወደዚያ አያደርስም። በተለመደው ጨዋታ ጊዜ እንኳ እናትና ልጅ በስሜት የሚገጣጠሙት ከጊዜው 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ አግኝቶታል፤ የቀረው ጊዜ መተላለፍና ዳግም መገናኘት ነው። ሕፃኑ የተበላሸ ግንኙነት እንደሚታደስ የሚማረውም በዚሁ ምልልስ ውስጥ ነው ይላል።

«ለልጅ አንጎል እድገት ከሦስት ዓመት በኋላ ሁሉም ነገር አልቋል»

በመጀመሪያው ዓመት የአንጎል መጠን እጥፍ ያህል እንደሚሆን፣ የነርቭ ሴሎች መገናኛዎችም በብዛት እንደሚፈጠሩ እርግጥ ነው። የመገናኛዎች መብዛት ግን በራሱ የብልህነት ምልክት አይደለም፤ ጤነኛ አንጎል ካበዛቸው መካከል የማይጠቀምባቸውን እየከረከመ ይሄዳል፣ ክርከማውም በፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ጉርምስና ይዘልቃል።

የዕድሜን ነገር በግልጽ ያሳየው በ2000 በሩማንያ የተጀመረው የቡካሬስት ጥናት ነው። ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና በሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ የነበሩ 136 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ለዚሁ ዓላማ ባዘጋጇቸው አሳዳጊ ቤተሰቦች ዘንድ አኖሯቸው። በ54 ወራቸው በማሳደጊያው የቀሩት አማካይ የአእምሮ ብቃት መለኪያ ውጤት 73፣ ወደ ቤተሰብ የገቡት ደግሞ 81 ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት የበለጠ አገገሙ። እንግዲህ ጊዜ ዋጋ አለው፤ ዘግይተው የወጡትም ቢሆኑ በሁሉም ነገር ተስፋ የተቆረጠባቸው አልነበሩም። ይህ ጥናት ግን ስለ ከባድ መነፈግ ይናገራል እንጂ፣ በተለመደ ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ውድ አሻንጉሊት ስላላገኘ ይጎዳል ለማለት አይጠቀስም።

«ሞዛርት የሕፃናትን አእምሮ ያበለጽጋል»

ለዚህ አባባል መነሻ የሆነው የ1993 ጥናት የተደረገው በሕፃናት ላይ ሳይሆን በ36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነው፤ በአንድ ዓይነት የቅርጽ ፈተና ላይ የታየው ብልጫም ከ15 ደቂቃ አላለፈም። ይህ ግን በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ የነበሩት ዜል ሚለር ለየአራሱ የክላሲካል ሙዚቃ ለማደል 105,000 ዶላር ከመጠየቅ አላገዳቸውም።

«ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ የሰውን ፊት ይቀዳል»

ይህኛው ስሕተት ተብሎ ሊፈረጅ አይገባውም፤ ስሕተቱ እንዳለቀለት እውነት መቁጠሩ ነው። አንድሩ ሜልትዞፍና ኪት ሙር በ1977 ሁለትና ሦስት ሳምንት የሆናቸው ሕፃናት ሰው ምላሱን ሲያወጣላቸው እነሱም ምላሳቸውን እንደሚያወጡ ጽፈው፣ ነገሩ በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ገባ። በ2016 በአውስትራሊያ 106 ሕፃናትን ከአንደኛው እስከ ዘጠነኛው ሳምንታቸው የተከታተለ ቡድን ግን፣ ሕፃናቱ ምላስ ሲያዩም ሌላ ነገር ሲያዩም ምላሳቸውን በእኩል ያወጡ እንደነበር አሳየ። ሜልትዞፍና ባልደረቦቹ በሙከራው አሠራር ላይ ተቃውሞ አቅርበዋል፤ ክርክሩም ቀጥሏል። ከዚያ ቀደም ሱዛን ጆንስ የአራት ሳምንት ሕፃናት ሙዚቃ በመስማታቸው ብቻ ምላሳቸውን አብዝተው እንደሚያወጡ አስተውላ ነበር፤ ሙዚቃ ደግሞ የሚቀዳ ምላስ የለውም።