የሆስትስ ፋይል ፓርሰርን በዩኒት ቴስት መፈተሽ

ሆስትስ ፋይል የኮምፒውተሮችን ስም ከአይፒ አድራሻቸው (ኔትወርክ ላይ ከሚለያቸው ቁጥር) ጋር የሚያጣምር ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ አድራሻው ይመጣል፤ ቀጥሎ በባዶ ቦታ ወይም በታብ ተለይተው ዋናው ስምና ተለዋጭ ስሞች ይሰፍራሉ። ከ# ምልክት በኋላ ያለው ማስታወሻ ስለሆነ ይዘለላል። ፋይሉን አንብቦ ለፕሮግራም በሚመች መልክ የሚያደራጀው ኮድ ፓርሰር ሲባል፣ ያንን ኮድ ቁራጭ በቁራጭ የሚፈትነው አጭር ኮድ ደግሞ ዩኒት ቴስት ይባላል።

ፋይሉ ዛሬ የኢንተርኔት ስሞችን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን ሥርዓት፣ ዲኤንኤስን፣ በዕድሜ ይበልጠዋል። የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ዘመን የሁሉም ኮምፒውተሮች ስም ካሊፎርኒያ ባለው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ ዝርዝር ይያዝ ነበር፤ ሌሎቹ ቅጂውን ከዚያ ይወስዱ ነበር። ኔትወርኩ ሲሰፋ አሠራሩ አላዋጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን አቀረበ። ሆስትስ ፋይል ግን ዛሬም በየላፕቶፑ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ጎሮ ባለው የአይሲቲ ፓርክም ሆነ በአቃቂ ቃሊቲው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኩል ኮድ የሚጽፍ ሰው ገና ያልተመዘገበ የድረ ገጽ ስም መሞከር ሲፈልግ አንድ መስመር ይጨምርበታል፤ ነገሩ ያልቃል።

ጥሩ ቴስት እውነተኛውን ፋይል አይነካም፣ ኔትወርክም አይጠራም። ለፓርሰሩ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ሰጥቶ ውጤቱን ያመሳክራል። ስለዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት ጠፍቶ ኢንተርኔት ቢቋረጥም፣ ባትሪ እስካለ ድረስ ሥራው አይቆምም።

የራስን ኮምፒውተር የሚያመለክተው «127.0.0.1» ከነስሙ በትክክል መነበቡን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። የቴስቱ ዋጋ የሚታየው ግን በተበላሹ መስመሮች ነው። ስም የሌለው አድራሻ፣ ማስታወሻ ብቻ ያለበት መስመር፣ ዊንዶውስ በሚጠቀምባቸው የመስመር መጨረሻ ምልክቶች የተዘጋ መስመር፣ በአድራሻው ውስጥ ከተፈቀደው ከ255 የሚበልጥ ቁጥር ሁሉም ይሞከሩ። የዊንዶውስ የጽሑፍ መጻፊያ የሆነው የድሮው ኖትፓድ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ሲያስቀምጥ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ያስገባ ስለነበር፣ የመጀመሪያው አድራሻ ብቻ ያለ ምክንያት የተሳሳተ ሊመስል ይችላል። በአድራሻ ውስጥ «010» የሚለውን አንዳንድ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) በስምንት መሠረት አንብቦ 8 ያደርገዋል፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የአድራሻ ሞጁል ግን ከ3.9.5 ስሪት ወዲህ አይቀበለውም።

ለእኛ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የራሱን ጣጣ ያመጣል። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሮ የረሳ ሰው «::1» (የራስን ኮምፒውተር በአዲሱ የአይፒ አጻጻፍ የሚያመለክት አድራሻ) ያለ መስሎት «፡፡1» ሊጽፍ ይችላል፤ ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለፓርሰሩ ግን አይገናኙም። የግዕዝ ቁጥር የባሰ ነው። ጽሑፉ አሃዝ መሆኑን የሚጠይቀው የፓይተን ትእዛዝ ኢዝዲጂት «፩»ን አሃዝ ነው ብሎ ያሳልፈዋል፤ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኢንት ግን ስህተት ያነሳል። ሌላው የመፈተሻ ትእዛዝ ኢዝዴሲማል «፩»ን ቀድሞ ስለማይቀበለው ለዚህ ሥራ የሚሻለው እሱ ነው። በዚህ ከተማ የሚጻፍ ፓርሰር እነዚህ ሁለት ቴስቶች ሊጎድሉት አይገባም ባይ ነኝ።

አንድ ስም በሁለት መስመር ከተለያየ አድራሻ ጋር ሲመጣ ሁለቱን መያዝም ሆነ የመጀመሪያውን ብቻ መውሰድ ይቻላል፤ የተመረጠው በቴስት ይጻፍ፣ አለበለዚያ የሚቀጥለው ፕሮግራመር ሳያውቅ ይለውጠዋል። የስህተት መልእክቱ የመስመሩን ቁጥር መያዙም ይፈተሽ። ማስታወቂያ ለማገድ የሚሠሩ ሆስትስ ፋይሎች ወደየትም በማያደርሰው «0.0.0.0» የሚጀምሩ አሥር ሺዎች መስመሮች ሊኖሯቸው ስለሚችል፣ እዚያ ውስጥ «አድራሻው ልክ አይደለም» ብቻ ብሎ ዝም የሚል ፓርሰር ማንንም አይረዳም።