ከጠላትነት ወደ ፍቅር፦ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ በወሎዬ ዓይን

ዘውጉ ቀላል ነው። ታሪኩ በድሮ ዘመን ይቀመጣል፣ ሁለቱ ዋና ሰዎች በጠላትነት ይገናኛሉ፣ በፍቅር ይጨርሳሉ። ወጣቶቹ «ኢነሚስ ቱ ላቨርስ» ይሉታል። ከውጭ የመጣ ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ግን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የዚህ ወገን ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ብዙ ሰው «ጦቢያ» የሚለው፣ በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች ጦርነት ይጀምራል። ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ በጠላት ንጉሥ እጅ ትገባለች። ሴትነቷ ሲታወቅ ንጉሡ ይወዳታል፣ ሃይማኖቱን ይለውጣል፣ ያገባታል።

ለምን ይጥማል? ዛሬ ሁለት ሰው ካልተስማማ ብሎክ ይደራረጋል፣ አለቀ። በድሮው ዘመን ግን የመኳንንት ጋብቻ የእርቅ ውል ነበር። ልጁን የዳረ አባት ነገ ከአማቹ ጋር ሊዋጋ ይችላል፣ ልጅቷም መሃል ላይ ናት። መዋደዳቸውንማ አንባቢው ከሽፋኑ ሥዕል ያውቃል። እንቅልፍ የሚነሳው፣ ጦርነቱ ሲመጣ ከማን ወገን እንደምትቆም ነው።

ይህን ለማየት ወሎዬ ሩቅ መሄድ የለበትም። የእኛው የወሎ የጁ መሳፍንት ጎንደር ላይ ሲገዙ፣ የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን፣ ያስቸገራቸውን የቋራ ሽፍታ ካሳ ኃይሉን በጋብቻ ለመያዝ ብለው የልጃቸውን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። እሷ ትጠብቀዋለች፣ እሱም አርፎ ይቀመጣል የሚል ሐሳብ ነበር። አልሆነም። ካሳ ቆስሎ ለሐኪሙ የሚከፍለው ላም ቢለምን፣ መነን ቁራጭ ሥጋ ብቻ ላኩለት ይባላል። ንቀቱን እንዳይቀበል ያነሳሳችው ደግሞ ራሷ ተዋበች ናት ይባላል። ይህ በአፍ የመጣ ነው። የተመዘገበውም ቢሆን ትንሽ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ1847 ካሳ መነንን ማረከ፣ በ1853 አይሻል ላይ የሚስቱን አባት ራስ አሊን ድል አደረገ፣ አሊም ወደ የጁ ሸሹ። ተዋበች ከባሏ አልተለየችም። ካሳ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥም አብራው ነበረች፣ በ1858 እስክትሞት ድረስ። ከእሷ ሞት በኋላ የንጉሡ ቁጣ ባሰ የሚሉ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ። የየጁ ልጅ ስለሆነች ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ይሁን።

ጥሩወርቅ ውቤ ደግሞ የዚሁ ታሪክ ግልባጭ ናት። ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1855 ደረስጌ ላይ አባቷን ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ አሰራቸው፤ ተዋበች ከሞተች በኋላም ልጃቸውን አገባ። ዳዊቷን ስትደግም ንጉሡ ቢገባ ቀና አላለችም፣ ከአንተ ከሚበልጥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው አለችው ይባላል። ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ፣ ፍቅር ግን አልመጣም። መቅደላ ላይ፣ ማለትም እዚሁ ወሎ፣ ቴዎድሮስ በ1868 ራሱን ሲሠዋ እሷም ብዙ አልቆየችም፤ የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ መንገድ ላይ አረፈች።

ባል አንድ፣ ሁለቱም የጠላት ልጆች። ልዩነቱ የት ነው? ተዋበችን ሲያገባ ካሳ ሽፍታ ነበር፣ እሷ የገዢ ልጅ። ቢበድላት ጦር ይመጣበታል። ጥሩወርቅ ግን የእስረኛ ልጅ ሆና ነው የተዳረችው። ለእኔ የዘውጉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው ያለው፦ ሁለቱም እኩል መጎዳዳት ሲችሉ ፍቅሩ ይታመናል፣ አንዱ ብቻ ምርኮኛ ከሆነ አይታመንም።

የንጉሥ ሚካኤልና የሸዋረጋ ምኒልክ ጋብቻም የወሎና የሸዋ እርቅ ነበር፤ ልጅ ኢያሱ የተወለደው ከዚያ ነው።

ከመኳንንቱ ውጭም ወሎ ማስታረቅ ያውቅበታል። ደም ሲፋሰስ አበጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ ይገባል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ይሰማዋል። በሃይማኖት ብቻ የተለያዩ ፍቅረኞች ግን እዚህ ብዙም አያስደነግጡም። አባቱ መሐመድ፣ አያቱ ወልዴ የሆነ ሰው ሞልቷል። ደራሲው ለወሎ አንባቢ ጠላትነት ሊፈጥር ከፈለገ መሬት ወይ ደም ያምጣ። ሃይማኖቱን አብሽር፣ እኛ እንችለዋለን።

አንባቢን የሚያጣላው ጠለፋ ነው። ጠልፏት ኋላ ወደደችው የሚሉ ታሪኮች አሉ፣ ደጋፊዎቻቸው «ዘመኑ ነው» ይላሉ። ዘመኑ መሆኑ እውነት ነው፤ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያስመልጠው ነበር፣ ይህ የቀረው በ1997ቱ ሕግ ነው። ግን የጠለፋ ትዕይንት አሳምሮ መጻፍ ስንፍና ነው። የሚችልበት ደራሲ ለልጅቷ ወይ ርስት ይሰጣታል፣ ወይ ወንድሞቿን ጦር አስይዞ ወንዝ ማዶ ያቆምላታል፣ ከዚያ በኋላ የቀረውን ንግግር ይተውላቸዋል።